አቀባይ የጎደለው ልጅ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሆስፒታሉ ሰዎች ብርድ ልብስና የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ንግግር ያደረገው ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ «ሲስተር አስናቀች፣ ከፊቷ ፈገግታ የማይለያት» ሲል፣ ከኋላ የተቀመጡት የጽዳት ሠራተኞች ተያይተው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እውነታቸውን ነው። እኔ ሥራ ላይ ፈገግ ብዬ አላውቅም። ያመመው ሰው ፊት ቆሞ ጥርስ ማሳየት ምን እንደሚጠቅም ዛሬም አይገባኝም። ያም ሆኖ ብርድ ልብሱ ጥሩ ነው፤ ለደባርቅ ብርድ ከንግግር ይሻላል።

«የሠራሽበትን ዘመን ጻፊው እንጂ፣ አክስቴ» አለችኝ ጎንደር የምታስተምረው የወንድሜ ልጅ። ጀመርኩ፤ ሰረዝኩ፤ ደግሞ ጀመርኩ። ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባት፣ በሊማሊሞ ስለተገለበጠው የጭነት መኪና ሁሉ ብዙ የምለው አለኝ። ግን ብዕር በያዝኩ ቁጥር ፊቴ ድቅን የሚለው አንድ የበየዳ ዲያቆን ነው። ስለዚህ ሌላውን ባጭሩ ልለፈውና ወደሱ ልሂድ።

የመጀመሪያ ምድቤ ድብ ባሕር ነበር፤ መንገድ ዳር ያለች ባለ አንድ ክፍል ክሊኒክ። የሊማሊሞ ጥምዝምዝ ያጥወለወላቸው የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች እያስመለሱ ይገቡልኛል፤ ውሃ አጠጥቼ፣ ጥላ ስር አስቀምጬ እሸኛቸዋለሁ። አለቃዬ የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነበር። ምጥ የያዛት ሴት መጥታ እሱ ገበያ ከሄደ፣ በየጠላ ቤቱ አሳድጄ ከአንገቱ ፈትቼ ነው የማመጣው። ደመወዝ ሲመጣ ይመጣል፤ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ባለሱቁ በዱቤ ይሰጠኛል። ይህን ብዬ ልለፈው።

ሥራ የተማርኩት ግን ዳባት ነው፤ ያስተማሩኝም ጋሽ ታደለ። ጤና መኮንን ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የኮታቸው ክርን የተጣፈ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። በሽተኛውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ራሳቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ይላሉ። መጀመሪያ ሳየው አሳፈረኝ፤ «ጋሽ ታደለ፣ ምነው ከባላገሩ ስር ተቀመጡ?» አልኳቸው። «አስናቁ» አሉኝ፤ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ፤ «ከላይ ሆነሽ የጠየቅሽው ሰው አንቺ የምትፈልጊውን ይመልስልሻል። ከታች ሆነሽ የጠየቅሽው ያመመውን ይነግርሻል።»

የልብ ማዳመጫውን ብረት በሰው ገላ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት በመዳፋቸው ይዘው ያሞቁታል። የጉልበት መዶሻ ሲይዙ ደግሞ መመልከት ነበር። በሽተኛው እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል። «ጣቶችህን ቆላልፍና ወደ ግራና ቀኝ ሳብ» ይሉታል፤ እሱ ሲስብ፣ «ላሟ ወለደች?» ብለው ይጠይቁታል፤ እሱ ስለ ላሟ ሲመልስ መዶሻው ከጉልበቱ ሎሚ ስር ጠብ ይላል፤ እግሩም ፈንጠር ይላል። «ጉልበት ሲያዩት ይደነግጣል፤ ባለቤቱ ሲረሳው ነው የሚናገረው» ይሉኝ ነበር። እኔ ለብዙ ጊዜ አጥንት ላይ እየመታሁ ሰው አስለቅሻለሁ። እጄን ይዘው፣ አንጓዬን አላልተው፣ መዶሻው በራሱ ክብደት እንዲወድቅ እስካደርግ አልተውኝም።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን አንድ ልማዳቸውን ነው። የበሽታውን ነገር በቤትና በእርሻ ቃል አስረድተው ከጨረሱ በኋላ፣ «እስቲ አሁን እቤትህ ስትገባ የምትነግራቸውን ለኔ ንገረኝ» ይላሉ። ከተሳሳተ እንደገና ከሀሁ ይጀምራሉ። ውጭ ሰልፉ ይረዝማል፤ አለቆች ይቆጣሉ። አንድ የወረዳ ኃላፊ መጥቶ «በቀን የምታየው ሰው አነሰ» ሲላቸው፣ «ያልገባው ሰው አክሜ ከምሰድ ያልታከመ ሰው ብሰድ ይሻላል» አሉት። በዚያ ዓመት እድገት ቀረባቸው። እሳቸውም አላነሱት፤ እኔ ነኝ ዛሬም የምናደድላቸው።

እሳቸው ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ እኔም ለምኜ ተከተልኳቸው። ያ ዲያቆን፣ ሙሉቀን፣ የመጣው እዚያ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰሞን ነበር። አባቱ አቶ ሰጤና እናቱ ጥሩወርቅ ልጁን መሃል አድርገው ገቡ። ከበየዳ ከፊሉን በእግር፣ ከፊሉን በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠው ነው የመጡት። ልጁ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ቢሆነው ነው። ነጭ ነጠላ አጣፍቷል፤ ዲያቆን ነው። አካሄዱን ሳይ፣ እግሩን ሰፋ አድርጎ፣ መሬቱ እንደሚከዳው ሰው እየፈራ ነው የሚረግጠው።

«ምኑን ነው ያመመው?» አሉ ጋሽ ታደለ።

አባትየው መሬት መሬት እያየ፣ «እንግዲህ ምን እላለሁ፣ ጌታዬ። በቅዳሴ መሃል መጾር መስቀሉን ይዞ ሲዞር ወደቀ። ከነመስቀሉ። ሰዉ ጠጥቶ ነው የገባ አለ። ካህናቱም ከመቅደስ አገዱት።»

ልጁ ያን ጊዜ ቀና አለ። ምላሱ ትንሽ ይከብደዋል፤ ቃሉን እየጎተተ፣ «ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንኳ አፌ አልገባም» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «አልጠጣም ብላችሁ ንገሩልኝ። ሌላው ይቅር» አለኝ። መታመሙ አላሳሰበውም። ስሙ ነው ያሳሰበው።

ጋሽ ታደለ መረመሩት። «እግርህን ግጠምና ዓይንህን ጨፍን» አሉት። ጨፈነ፤ ወዲያው እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፤ እኔ ደገፍኩት። ጉልበቱን መቱ፤ ዝም። ጣቱን አስቆላልፈው፣ ስለ ዜማ ትምህርቱ አስወርተው እንደገና መቱ፤ ዝም። ሁለቱም ጉልበት። የሚነዝረውን የብረት ሹካ መትተው ቁርጭምጭሚቱ አጥንት ላይ አሳረፉትና «ምን ይሰማሃል?» አሉት። «ይቀዘቅዛል።» «ንዝረቱስ?» «የምን ንዝረት?» አለ። የውስጥ እግሩ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ የጀርባ አጥንቱ ወደ አንድ ጎን መጉበጥ ጀምሯል። ልቡን ሲያዳምጡ ከወትሮው በላይ ቆዩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የነፍስ አባታቸውን ይዘው እንዲመጡ አዘዙ። ቄሱም መጡ። ጋሽ ታደለ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ልጁን መሃል ክፍሉ ላይ አቆሙና ዓይኑን አስጨፈኑት። አብሯቸው ጾም ውሎ የመጣ ልጅ በቄሱ ዓይን ፊት ተንገዳግዶ ግድግዳ ላይ ሄደ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሩን አሳለሙት፤ «ፍታኝ ልጄ፣ በደልሁህ» አሉት። ካህን ዲያቆንን ፍታኝ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሙሉቀን ተመልሶ መቅደስ ገባ። መስቀል መያዙ ግን ቀረ፤ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ምንባብ እንዲያነብ ተደረገ።

የበሽታውን ስም ያገኘልን ከጎንደር እየመጣ የሚያይ የነርቭ ሐኪም ነው። የልጁን ደም ቀድቶ በሕክምና መምህሩ በኩል ወደ ውጭ አገር ላከ። ክረምቱ አልፎ ውጤቱ መጣ። ስሙ የፈረንጅ ሰው ስም ነው፤ አፌ ዛሬም አልለመደው። ነገሩን ግን እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። በእያንዳንዱ የሰው ህዋስ ውስጥ ለገላ ጉልበት የሚፈጩ ጥቃቅን ወፍጮዎች አሉ። በወፍጮዎቹ ውስጥ ብረትና ድኝ ይጋጠማሉ፤ የተጋጠመው ቁራጭ በየፕሮቲኑ ውስጥ ይሰካል፤ ያ ቁራጭ የሌለው ፕሮቲን ሥራ አይሠራም። መጋጠሙ የብዙ ሠራተኛ ሥራ ነው። አንዱ ድኙን ያመጣል፣ አንዱ መገጣጠሚያ መደብ ይሆናል፣ አንዱ የተሠራውን ያደርሳል። ከነሱ አንዱ ፍራታክሲን ይባላል፤ ሙሉቀን ላይ ያነሰው እሱ ነው። እሱ ሲያንስ ሥራው ይጓተታል፤ ያልተጋጠመው ብረት ወፍጮው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ነርቭና ልብ ደግሞ ወፍጮ ካልፈጨላቸው አይችሉም። ያኔ ብረቱን የሚያቀብል እሱ ነው ይባል ነበር፤ አሁን ይበልጡን ድኙ ቶሎ እንዲደርስ የሚያደርግ ነው ይላሉ ብላ የወንድሜ ልጅ ከስልኳ አነበበችልኝ። ለሙሉቀን የሚለውጠው ነገር የለም።

ቤተሰቡ የተነገራቸውን ቀን እንደ ትናንት አስታውሳለሁ። ጋሽ ታደለ በርጩማቸው ላይ፣ አቶ ሰጤ ወንበር ላይ። ጥሩወርቅ ወንበር ሲሰጣት «እዚሁ ይበቃኛል» ብላ ከባሏ ኋላ ምንጣፍ የሌለው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ልጁን ውጭ ፀሐይ ላይ አስቀምጠነዋል።

«አቶ ሰጤ» አሉ ጋሽ ታደለ፣ «ግንብ ሲያስገነቡ ግንበኛው ከላይ ነው፣ ድንጋዩ ከታች። ማነው የሚያገናኛቸው?»

«አቀባዩ ነዋ።»

«አቀባዩ ቢደክምስ?»

«ግንቡ ይጓተታል። ድንጋዩም ደጃፍ ላይ ይከመራል።»

«ልጅዎ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ብረቱ አለ። ድኙም አለ። አቀባዩ ነው የጎደለ።»

አቶ ሰጤ አሰቡና፣ «ድኝ ደግሞ እሰው ገላ ምን ሊሠራ ገባ? በሰዶም የዘነበው አይደለም ወይ?» አሉ።

«ያው ነው። ትንሽ ትንሹ ግን በእንቁላልም፣ በሽንኩርትም አለ። ቁጣ አይደለም፣ አቶ ሰጤ።»

«ታዲያ ከየት መጣበት?»

«ከሁለታችሁም። ካንዳችሁ ብቻ ቢሆን ምንም አይነካውም ነበር፤ እናንተንም አልነካችሁ። ከሁለት ወገን ሲገናኝ ነው።»

አቶ ሰጤ ብድግ አሉ። ፊታቸው ጠቆረ። «ዘመድህን ነው ያገባኸው ማለትዎ ነው? እኛ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው! አባቴ ከነአያት ቅድመ አያቱ ቆጥረው ነው የሰጡኝ! በሽማግሌ ፊት! ደግሞስ ሁለቱ እህቶቹ ምነው ደህና ሆኑ?»

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እንኳን ደህና ሆኑ። ሰባት ቤት ቢቆጠር ስምንተኛ ቤት አለ፤ አሥረኛም አለ። ከዚያ ማዶ የመጣውን ማንም ሽማግሌ አይቆጥረው። አልበደላችሁም። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ጋሽ ታደለም መድኃኒት እንደሌለው፣ እግሩ እየደከመ እንደሚሄድ፣ በኋላ ልቡ እንደሚያሰጋ አንድ በአንድ ነገሯቸው። ከዚያ እንደ ልማዳቸው፣ «እስቲ አሁን አገር ቤት ሲገቡ የሚሉትን ይንገሩኝ» አሉ። አቶ ሰጤ ከእኔ አሳምረው መለሱ። «ብረቱ አለ፤ ድኙ አለ፤ አቀባዩ ደክሟል። መድኃኒት የለውም። ልቡን እየመጣን እናሳያለን። ከሁለታችን ነው፤ ጥፋት ግን የለብንም።» ጋሽ ታደለ ደስ ብሏቸው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉ። ጥሩወርቅ ተነስታ ትከሻዬን ስማኝ ወጣች። እሷን የጠየቃት የለም። በአገሩ ደንብ ባል ባለበት ሚስት አትጠየቅም፤ እኛም የተማርን ነን ባዮቹ ያን ደንብ አክብረን ሸኘናት።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ልጁ በየመምጣቱ ትንሽ ትንሽ ነበር የሚቀንሰው። መጀመሪያ በዱላ፣ ኋላ በአባቱ ትከሻ፣ ኋላ በበቅሎ ጀርባ ታስሮ። ምንባቡን ግን አልተወም፤ ቄሱ ቃሉ ባይጠራም ይሰሙታል።

እቤታቸው የሚደረገውን ያወቅነው በሌላ ሰው በኩል ነው። አንዲት የበየዳ ወላድ በቃሬዛ መጣች፤ ከወለደች በኋላ ደም ፈሷታል። የዓይኗን ሽፋን ገልጬ ሳይ ውስጡ ነጭ ነው። የባሏ ወንድም ደም ሰጥቶላት፣ ነፍስ ስትዘራ፣ እኔ እንደ ልማዴ በቁጣ ያዝኳት።

«በእርግዝናሽ ጊዜ የደም ኪኒን፣ ያን የብረቱን፣ አልሰጡሽም?»

«ኧረ ሰጥተውኛል፣ እሜቴ።»

«ታዲያ ዋጥሽው?»

«ለዲያቆኑ ሰጠሁት።»

«የምን ዲያቆን?»

«ለጥሩወርቅ ልጅ ነዋ። ብረት ጎድሎት የለ? በማኅበራችን ያለነ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ለሱ ነው የምንሰጠው። ለነፍሳችን።»

ያን ኪኒን እርጉዝ ሴት አትወደውም፤ ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ ምጽዋቱ ቀላል ነበር። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት እየዞረች ታድላለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ለጥሩወርቅ ያስረክባሉ። ክፋት ያለበት ሰው ብፈልግ አንድም አላገኝም። ክፉ ሰው ቢኖርበት ለእኔ ይቀለኝ ነበር።

ለጋሽ ታደለ ስነግራቸው የሙሉቀንን ካርድ አስወጥተው የቀጠሮውን ቀን አዩ። በቀጠሮው ቀን ጥሩወርቅ ልጇን ይዛ ብቻዋን መጣች፤ አቶ ሰጤ አጨዳ ላይ ነበሩ። ሙሉቀንን አልጋ ላይ አስተኝተን እሷን ወደ ክፍላችን አስገባናት።

«ማን ስጪው አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

አልደነገጠችም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን በደንብ ሰማሁት። «ማንም አላለኝ። እዚህ ከኋላ ተቀምጬ ሰምቼ ነው። ድንጋዩ ደጅ ተከምሯል አላችሁ፤ አቀባዩ ደካማ ነው አላችሁ። እኔ መጥባት ያቃተው ጥጃ አሳድጌያለሁ። ብዙ አልቤ ባፉ አፈሰዋለሁ። ዘጠኙ እጅ ሜዳ ቢፈስ አንዱ እጅ ይገባለታል፤ በዚያችው ያድጋል። ብረቱም ከበዛ አንዱ ሾልኮ ይገባለታል ብዬ ነው። ባለ እጁ የጋለ ማረሻ የነከረበትንም ውሃ አጠጥቼዋለሁ።»

ሞኝነት ቢሆን እቆጣው ነበር። ሞኝነት አልነበረም፤ ከእናት የሚጠበቅ ሐሳብ ነበር፤ ብትጠየቅ ኖሮ ያን ቀን ትናገረውና ይታረም ነበር።

ጋሽ ታደለ ቀስ ብለው፣ «ጥሩወርቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ፍሬ እንዳትሰጪው። የያዝሽውንም እዚሁ ተይው» አሉ።

«ይጎዳዋል?»

«ተይው ብያለሁ።»

ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮውን ፈታች፤ ቀይ ቀይ ኪኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ጋሽ ታደለም «እስቲ አሁን ምን ትያለሽ» አላሏትም። በሽተኛ ሳያስረዱ ሲሸኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ልማድ ሆነባቸው። «ውሰድ»፣ «በምግብ ላይ ዋጥ»፣ «ሂድ» ብቻ ሆነ። ሰልፉ አጠረ፤ አለቆች ደስ አላቸው፤ በዚያ ዓመት ምስጋና ሁሉ ተሰጣቸው። እኔ አንድ ቀን፣ «ምነው ጋሽ ታደለ፣ ሰው ማስረዳቱን እርግፍ አድርገው ተዉት?» ብላቸው፣ «አስናቁ፣ ያን ቀን ያወራሁት ከሚያርሰው ጋር ነው። የሚያጎርሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም» አሉኝ። ብዙ ሰው ያዳኑበት ልማድ በአንድ ጉድለት እንዲህ ሲያስጠላቸው ማየት ልቤን ሰበረው። ጡረታ ወጥተው ዳባት ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የተናገሩት ሰዎች ስለ ትሕትናቸው አወሩ። ስለ በርጩማቸው ያወራ የለም።

ሙሉቀን ሃያ ሳይሞላው ነው የሄደው። ልቡ ነው። እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ ሦስት ትራስ ተደርድሮለት ነበር የሚቀመጠው። ኦክሲጅኑን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ጧት ላይ ነው፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታለች። ቃሉ በጣም ስለተጎተተ ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ዛሬ በስንት ነን?» ነው የሚለው። «ሃያ ሰባት» አልኩት። «መድኃኔ ዓለም» አለ፤ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ምንባቡን የሚያነብበት ቀን እንደነበር ኋላ እናቱ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። አቶ ሰጤ በር ላይ ቆመው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ጥሩወርቅ አላለቀሰችም፤ እግሩን በእጇ እያሸች ቆየች፤ ካረፈም በኋላ እያሸች ነበር።

ከጋሽ ታደለ በኋላ በርጩማው ለኔ ቀረ። እናት ካልገባች አባት አላናግርም፤ «አንቺስ ምን ሰማሽ?» ሳልል ሴት አልሸኝም። አንዳንዱ ባል ይቀየመኛል፤ ይቀየም። ጠቅሞ ይሆናል። ለጥሩወርቅ ግን ዘግይቷል።

ባለፈው ጥቅምት፣ ጡረታ ከወጣሁ ወራት ሲሆነኝ፣ በቅዳሜ ገበያ ቀን ጥሩወርቅ ሰው ጠይቃ ቤቴ መጣች። እሸት ባቄላ ይዛልኛለች። ጠጉሯ ሸብቷል። አቶ ሰጤ ደህና ናቸው፣ ሁለቱ ልጆቿ ወልደዋል፣ የልጅ ልጆቿ እየሮጡ ነው። ይህን ሁሉ ተጠያየቅን። በዚህ ጊዜ ወንበር ላይ ነው ያስቀመጥኳት። ባቄላውን መፈልፈል ጀመርን። ከዚያ እጇን አቆመች።

«ጡረታ ወጥተዋል አሉኝ፣ እሜቴ።»

«ወጥቻለሁ።»

«እንግዲያ የመንግሥት ሰው አይደሉም።»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ እውነቱን ይነግሩኛል። እኔ ነኝ ወይ የገደልሁት?»

ያን ጥያቄ ራሴን ስንት ዓመት ጠይቄያለሁ። የጎንደሩን ሐኪምም አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። «ሳያስፈልግ ብረት አይሰጥም፤ ብረቱ ገደለው ለማለት ግን የሚያስችል ነገር የለም። ኪኒን ያልቀመሱትም በዚሁ ልብ ነው የሚሞቱት» ነበር ያለኝ። ይህ ነው እውነቱ፤ አናውቅም። ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን ሳየው ግን «አናውቅም» የሚለውን ቃል ይዛ በየዳ ድረስ መሄድ እንደማትችል ገባኝ። እስከምትሞት ስታላምጠው ታየኝ። ስለዚህ ቆርጬ ተናገርኩ።

«አይደለሽም፣ ጥሩወርቅ። ኪኒኑ ምንም አላደረገውም። በሽታው ነው የወሰደው።»

ልቧ ያረፈ መስሎኝ እኔም ተንፈስ አልኩ። እሷ ግን የፈለፈለችውን ባቄላ በመዳፏ ይዛ እያየች ታስብ ነበር። ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ምንም ካላደረገው» አለችኝ፣ «ለምን ከእጄ አስጣላችሁኝ? እሱን ስሰጠው እኮ አንድ ነገር አደርግለት ነበር።»